«አይዞህ፣ ትንሽ ናት የቀረችው»

ታህሳስ 2012፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ገደማ። ከአዲስ አበባ የመጡ አምስት ጓደኛሞች ራስ ደጀን ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 4,300 ሜትር አካባቢ ቆመዋል። አንደኛው ድንጋይ ተደግፎ ያስመልሳል። ከአምስቱ በጉልበቱ የሚታወቀው እሱ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ኳስ ይጫወታል፣ ሲጋራ ነክቶ አያውቅም፣ ጉዞውን አስቦ ሌሎቹን የጎተተውም እሱ ነው። አንዱ ጓደኛው ጀርባውን እያሻሸ «አይዞህ፣ ትንሽ ናት የቀረችው» ይለዋል። ሌላው ደግሞ «ጫፉ ላይ ስትደርስ ይለቅሃል» ብሎ ይጨምርበታል።

ሁለቱም የተናገሩት በፍቅር ነው። ሁለቱም ተሳስተዋል።

በዚህ አገር «አይዞህ»ን የሚያህል ቃል የለም። ለለቅሶ ቤት ይሆናል፣ ለፈተና ይሆናል፣ ለታመመ ይሆናል፣ ከሥራ ለተሰናበተም ይሆናል። ተናጋሪውን ምንም አያስከፍለውም፣ ሰሚውን ግን ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል። ነገር ግን ቃሉ የሚሠራው የጎደለው ወኔ ሲሆን ነው። ከፍታ የሚያመጣው ሕመም ከወኔ ጋር አይተዋወቅም። የሰው ልብ በርትቶ ሳለ ሳንባው ውሃ ሊቋጥር፣ አንጎሉ ሊያብጥ ይችላል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው መድኃኒቱ ቁልቁለቱ ነው። «አይዞህ» ብሎ ወደ ላይ መግፋት ደግሞ ከመድኃኒቱ ማራቅ ነው።

እነዚህ አምስት ሰዎች እዚያች ድንጋይ ጋ እንዴት እንደደረሱ መመልከት ይጠቅማል። ምክንያቱም ስህተቱ የተሠራው ተራራው ላይ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ፣ ቡና እየተጠጣ፣ የጉዞው ቀን ሲቆጠር ነው።

የገዙት የአራት ቀን ጉዞ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ከአዲስ አበባ ወደ ጎንደር በረሩ። ከጎንደር በመኪና 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው ደባርቅ ገቡ። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ተመዝግበው፣ አስጎብኚና ስካውት ይዘው፣ ሳንቃ በርን በመኪና አልፈው ጨነቅ ደረሱ። ድንኳን የተተከለው እዚያ ነው። ጠዋት 2,350 ሜትር ላይ የነቃ ሰው ማታ 3,620 ሜትር ላይ ተኛ ማለት ነው። በሁለተኛው ቀን የቧሂትን ትከሻ በ4,200 ሜትር ላይ ተሻግረው፣ እስከ መሸሃ ወንዝ ወርደው፣ እንደገና ወጥተው 3,200 ሜትር ላይ ያለችው አምቢቆ አደሩ። ሦስተኛው ቀን የራስ ደጀን ነው። በአራተኛው ቀን ወደ ጨነቅ፣ ከዚያ በመኪና ወደ ጎንደር።

በወረቀት ላይ ሲታይ ሸጋ ነው። የተራራ ሕክምና ባለሙያዎች ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ለሚወጣ ሰው ሁለት ነገር ይመክራሉ። አንደኛ፣ የመኝታ ቦታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ ከፍ አይበል። ሁለተኛ፣ በየሦስት ወይም አራት ቀኑ አንድ የእረፍት ቀን ይኑር። አምስቱ በመጀመሪያው ቀን ብቻ የመኝታ ከፍታቸውን ከ1,200 ሜትር በላይ አሳደጉት። ሳንቃ በር አንድ ሌሊት፣ ግጭ አንድ ሌሊት ቢያድሩ ኖሮ ሰውነታቸው አየሩን ይለምደው ነበር። ሆኖም ሁለት ሌሊት ሲጨመር የአስጎብኚው፣ የስካውቱ፣ የወጥ ቤቱና የበቅሎው ሂሳብ ይጨምራል፤ ከመሥሪያ ቤትም ሁለት ተጨማሪ ቀን ፈቃድ ይጠየቃል። ጉዞውን ያዘጋጀው ሰው ቀኑን ቀነሰ፣ ዋጋውም ረከሰ፣ ሁሉም ደስ አለው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው ለዚህ ነው።

ከፍታ ሰውነት ላይ የሚያደርገው ነገር ምሥጢር አይደለም። ብዙዎች «ላይ ኦክስጅን የለም» ይላሉ። በአየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ ባሕር ዳርቻም ሆነ ራስ ደጀን አናት ላይ ያው 21 በመቶ ነው። የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው። 4,550 ሜትር ላይ ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው 57 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። አንድ ትንፋሽ ስትስቡ የምታገኙት ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። አዲስ አበባ ላይ ግፊቱ ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ፣ የአዲስ አበባ ሰው ከባሕር ዳርቻ ከመጣ ቱሪስት የተሻለ መነሻ አለው። ነገር ግን ከአዲስ አበባ እስከ ራስ ደጀን አናት ያለው ልዩነት እንደገና አንድ አራተኛውን ይወስዳል። ሰውነት ይህን ለመካስ ትንፋሽ ያበዛል፣ ልብ ያፈጥናል። በትክክል ለመላመድ ግን ቀናት ያስፈልጉታል። ቀናቱን በገንዘብ መግዛት ይቻላል፤ በጉልበት መተካት ግን አይቻልም። በመደበኛ ስፖርት የዳበረ ሰውም ቢሆን ከዚህ ሕመም ዋስትና የለውም። እንዲያውም ጉልበተኛው ቶሎ ቶሎ ስለሚወጣ ቀድሞ የሚታመምበት ጊዜ አለ።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ክርክር ይነሳል። «እኛ የደጋ ልጆች ነን፣ ተራራ የሚያመው ፈረንጅን ነው።» ከአምስቱ አንዱም በመኪና ውስጥ ይህንኑ ሲል ነበር። ክርክሩ ከመሬት የተነሳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ አንድ ጥናት፣ በዚያው በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ገደማ ላይ ተወልደው ያደጉ ገበሬዎችን መርምሮ፣ የደማቸው የሂሞግሎቢን መጠንና የኦክስጅን ይዞታ በባሕር ጠለል ከሚኖሩ ሰዎች ጋር የሚቀራረብ ሆኖ አግኝቶታል። ይህ ከአንዲስ ተራራ ነዋሪዎችም ከቲቤቶችም የተለየ ስለነበር ዓለምን አስገርሟል። ነገር ግን ጥናቱ የተናገረው እዚያው ከፍታ ላይ ተወልደው፣ እዚያው ገብስ ዘርተው፣ እዚያው ልጅ ስለሚያሳድጉ ሰዎች ነው። ቦሌ ተወልዶ፣ ፒያሳ ተምሮ፣ ሳሪስ የሚሠራ ሰው የእነሱን ደም በመታወቂያ አይወርስም። የአያት አገር ደጋ መሆኑ ለቀረርቶ ይሆናል፤ ለመተንፈስ ግን አይሆንም።

ወደዚያች ቀን እንመለስ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነሱ። ድንኳኑ በውጭ በኩል አመዳይ ለብሷል፣ ጫማዎቹ ደርቀው እንጨት ሆነዋል። የነቢያት ጾም ስለነበር ሦስቱ ይጾማሉ፤ ታማሚው ከሦስቱ አንዱ ነው። ማታ ያቀረቡለትን ሽሮ አልነካም ነበር። «ጾም ስለሆነ ሆዴ ተኮማትሯል» ብሎ አሳቀባቸው። ሌሊት ራሱን ሲፈልጠው ለማንም ሳይናገር ሁለት ፓራሲታሞል ውጧል። ይህን የተናገረው በኋላ ነው። ጉዞውን ያሰበው፣ ገንዘብ የሰበሰበው፣ «አንድ ሰው እንኳን ቢቀር አልሄድም» ያለው እሱ ሆኖ፣ በሦስተኛው ቀን ደግሞ «አመመኝ» ማለት ሞት ሆነበት።

አሥር ሰዓት ላይ በግንባር ባትሪ መንገድ ጀመሩ። አስጎብኚው ፊት፣ ስካውቱ ከኋላ። ስካውቱ ሃምሳዎቹን ያለፈ ሰው ነው፤ በጋቢ ተጠቅልሎ፣ ጠመንጃውን በትከሻው አጋድሞ፣ ኮንጎ ጫማ አድርጎ ይራመዳል። ጎህ ሲቀድ የገብስ ማሳውን ጨርሰው ጅብራ በሚበቅልበት ሜዳ ላይ ደረሱ። ከፊታቸው ያለው ቁልቋለት የሌለው ዳገት ነው። ከአምቢቆ እስከ ጫፉ 1,350 ሜትር መውጣት፣ ከዚያ ያንኑ መውረድ። ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥር ሰዓት የሚፈጅ ቀን።

መንገድ ላይ ያገኙትን እረኛ ሁሉ «ስንት ሰዓት ቀረን?» ይሉታል። መልሱ አንድ ነው፤ «እቺው ናት»። የአገሬው ሰው እንግዳን ተስፋ ማስቆረጥ ነውር ስለሚመስለው ሩቁን ያቀርበዋል። ለእሱ እግር ደግሞ በእውነትም እቺው ናት። የከተማ ሰው ግን ያንን መልስ እንደ መረጃ ወስዶ ጉልበቱን ያዘጋጅበታል። አንድ ሰዓት ሄዶ ሌላ እረኛ ያገኛል። ይህም «እቺው ናት» ይለዋል።

ከአምስቱ የመጨረሻዋ ተጓዥ የሂሳብ ሠራተኛ ናት። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «ኤሊዋ» የሚል ስም ወጥቶላታል። ቀስ ብላ ትራመዳለች፣ ውሃ ቶሎ ቶሎ ትጠጣለች፣ ፎቶ ለመነሳት አትሮጥም። ከኋላ መሆኗ ግን አንድ ጥቅም ሰጣት። የሁሉንም እግር ታያለች። ኳስ ተጫዋቹ ሦስት ጊዜ ሜዳ ላይ ሲደናቀፍ አይታዋለች። አብሯት የሚሄደው ስካውት ደግሞ ሌላ ነገር ሰምቷል፤ ወይም አልሰማም ማለት ይሻላል።

«እቴ፣ ያ ልጅ ትናንት ከወንዙ ጀምሮ ሲቀልድ ነበር» አላት። «ዛሬ ቃል አልወጣውም።»

ይህ ሰው የሕክምና ትምህርት የለውም። ያየው ነገር ግን ሐኪም የሚያየውን ነው። ከፍታ የከፋ ጉዳት ሲያደርስ የመጀመሪያው ምልክት ጩኸት አይደለም፤ ዝምታ፣ መፍዘዝ፣ የእግር መንገዳገድ ነው።

ሲያስመልስ ሁሉም ቆሙ። «አይዞህ» የተባለው ያኔ ነው። ከኋላ የደረሰችው የሂሳብ ሠራተኛ አላባበለችውም። አንድ የተስተካከለ ቦታ ፈልጋ፣ «እስቲ ና፣ ተረከዝህን ከጣትህ እያገናኘህ አሥር እርምጃ ሂድልኝ» አለችው። ሳቁባት። እሱም ሳቀና ሞከረው። በአራተኛው እርምጃ ወደ ጎን ወደቀ።

ከዚያ በኋላ የተከተለው ክርክር በየተራራው ሁሉ የሚደረግ ክርክር ነው። «እዚህ ፀሐይ ላይ ይቀመጥ፣ እኛ ደርሰን በሁለት ሰዓት እንመለሳለን» አለ አንዱ። ምክንያታዊ ይመስላል። ግን ቀጥ ብሎ መራመድ ያቃተው ሰው ብቻውን ቢተው ማን ያየዋል? ሕመሙ ሲብስ «ብሶብኛል» ብሎ የሚያውቀው ራሱ አእምሮው ነው፤ እየታመመ ያለውም ያው አእምሮ ነው። ሁለት ሰዓት ያሉት ሦስት ይሆናል፣ ደመና ይወርዳል፣ ጋቢ ያስፈልገዋል፣ ውሃ ያስፈልገዋል። «ግማሾቻችን እንሂድ፣ ግማሾቻችን እንመለስ» አለ ሌላው። አስጎብኚው አንድ ነው፤ ከየትኛው ጋር ይሄዳል?

እሷ የመለሰችው አጭር ነው። «አብረን መጣን፣ አብረን እንወርዳለን። ከፈለጋችሁ በኋላ ተቀየሙኝ።»

አስጎብኚው እስከዚያች ሰዓት ድረስ ዝም ብሎ ነበር። ይህን ዝምታ ለመፍረድ ከመቸኮል በፊት የኑሮውን ሂሳብ ማየት ያስፈልጋል። እንግዶቹ የከፈሉት ለጫፉ ነው። ጫፉ ላይ ያደረሳቸው አስጎብኚ ጉርሻ ያገኛል፣ ስሙ ለጓደኛ ይነገርለታል። «ተመለሱ» ያለ አስጎብኚ ግን፣ ትክክል ቢሆንም እንኳ፣ «ገንዘባችንን በልቶ ከመንገድ መለሰን» ሊባል ይችላል። ለጥንቃቄው የሚከፍለው ስለሌለ ዝም ይላል። እሷ አፏን ስትከፍት ግን ከትከሻው ሸክም የወረደለት ያህል፣ «ልክ ናት፣ አሁኑኑ እንውረድ» አለና ቦርሳውን ከታማሚው ጀርባ ወሰደ። ስካውቱ ክንዱን ያዘው። አንዱ ጓደኛ በቅሎ ይዞ የሚመጣ ሰው እንዲጠራ ቀድሞ ወረደ።

ከጫፉ የቀራቸው 250 ሜትር ያህል ከፍታ ነበር።

ሲወርዱ የሆነው ነገር የዚህ ሕመም ዋና ጠባይ ነው። ከ300 እስከ 1,000 ሜትር መውረድ ብዙውን ጊዜ ነፍስ ይመልሳል። ጅብራው ሜዳ ላይ ሲደርሱ ማስመለሱ ቆመ። በቅሎዋ የተቀበለቻቸው ከገብስ ማሳው በላይ ነው። አምቢቆ ሲገቡ ሻይ ጠየቀ። ማታ በሶ በጥብጠውለት ጠጣ። ጠዋት ራሱን ችሎ ተነሳ።

እዚህ ላይ ታሪኩ «አመሰገናት» ብሎ ቢያልቅ ደስ ባለ። እንዲያ አልሆነም። እስከ ጎንደር ድረስ በመኪናው ውስጥ የተነጋገረ አልነበረም። «ለምን አልተዋችሁኝም? እደርስ ነበር» አላቸው። አንደኛው ጓደኛ ደግሞ ለወራት፣ ስብስብ ባለበት ሁሉ፣ «250 ሜትር ሲቀረን ኤሊዋ መለሰችን» እያለ ያወራ ነበር። ታማሚው ዛሬም ቢጠየቅ እደርስ ነበር ይላል።

ምናልባት እውነቱን ነው። ሊደርስና በሰላም ሊመለስም ይችል ነበር። የጽሑፉም ፍሬ ነገር እዚህ ጋ ነው። በትክክለኛው ሰዓት የተመለሰ ሰው ትክክል እንደነበር ማረጋገጥ አይችልም። አደጋው አልደረሰማ! ማስረጃው ያልሆነ ነገር ነው። ያልተመለሰና የተሳሳተ ሰው ግን ማስረጃው በቃሬዛ ይወርዳል። ስለዚህ መመለስ ሁልጊዜ ፍርሃት ይመስላል፣ መቀጠል ሁልጊዜ ጀግንነት ይመስላል። ፉከራውም ሽለላውም የተቀኘው ለወደፊት ሄደው ነው፤ ለተመለሰው የተዘፈነ ዘፈን ብርቅ ነው። ይህ ጠባይ ከተራራው ግርጌም አለ። በቤተሰብም፣ በንግድም፣ በአገር ጉዳይም «እዚህ ድረስ መጥተን?» የሚለው ጥያቄ ስንት ሰው እንዳስከፈለ ዜና የሚከታተል ሁሉ ያውቀዋል። የተከፈለው ተከፍሏል፤ ጥያቄው ቀጥሎ የሚከፈለው ምንድን ነው የሚል መሆን ነበረበት።

«ራሱን ያመመው ሁሉ ከተመለሰ ማን ተራራ ይወጣል?» የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ከፍታ ላይ ቀላል ራስ ምታት የብዙ ሰው ዕጣ ነው፣ አብዛኛውም ይተርፈዋል። ሕጉ «ራስህን ካመመህ ሽሽ» አይልም። ሦስት ደረጃ አለው። ቀላል ራስ ምታትና ድካም ከሆነ ባሉበት መቆየት፣ ማረፍ፣ እስኪሻል ወደ ላይ አለመውጣት። እየባሰ ከሄደ፣ ማስመለስ ከበረታ መውረድ። መንገዳገድ፣ መወላገድ፣ ግራ መጋባት፣ ተቀምጦም የማይተው ትንፋሽ ማጠር ወይም አረፋ ያለው ሳል ከመጣ ሌሊትም ቢሆን፣ ዝናብም ቢሆን፣ ጫፉ በእጅ የሚነካ ቢመስልም ወዲያው መውረድ። የአንጎል እብጠት የጀመረው ሰው ካልወረደ በአንድ ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። ከፍታ ላይ ግን መከራ የሚመክረው አንዴ ብቻ ነው።

ጉዳዩ ለአምስት ሰዎች ብቻ ቢሆን ኖሮ ጽሑፍ ባላስፈለገው። ባለፉት ዓመታት ከአዲስ አበባ የሚነሱ የእግር ጉዞ ቡድኖች በዝተዋል። እሰየው የሚያሰኝ ነው። ወጣቱ ከመጠጥ ቤት ወጥቶ የገዛ አገሩን በእግሩ እያየ ነው። ለእንጦጦ፣ ለመናገሻ፣ ለወንጪ ይህ ሁሉ ማስጠንቀቂያ አያሻም። ነገር ግን ሰው አንዱን ሲጨርስ ከፍ ያለውን ይሻል። የአርሲው ጭላሎ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ከአሰላ ተነስቶ በአንድ ቀን የሚወጣው ብዙ ነው። ባሌ ላይ ደግሞ መኪናው ራሱ ከጎባ አንስቶ ሰነቴ አምባ ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ያወጣችኋል፤ 4,377 ሜትር ያለው ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ድረስም መንገድ አለው። እግር ሳይደክም ከፍታው ይመጣል። የጉዞ ማስታወቂያዎችን ተመልከቱ። ኪሎ ሜትሩ ተጽፏል፣ ምሳው ተጽፏል፣ ፎቶ አንሺ መኖሩ ተጽፏል። የሚታደርበት ከፍታ የተጻፈበትን ግን ፈልጋችሁ አግኙ።

በሌሎች አገሮች ይህ ነገር እንዴት ተቀየረ ቢባል፣ መልሱ በሄሊኮፕተር ብቻ አይደለም። ኔፓል ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1973 የተቋቋመው የሂማላያ ነፍስ አድን ማኅበር ወደ ኤቨረስት በሚወስደው መንገድ ፈሪቼ በምትባል መንደር የሕክምና ጣቢያ አለው። በጉዞ ወቅት ሐኪሞቹ ከሚሠሩት ሥራ አንዱ ቀላል ነው፤ መንገደኛውን ሰብስበው ስለ ከፍታ ሕመም ማስተማር። ምልክቱን የሚያውቅ መንገደኛ ባልንጀራውን ይጠብቃል። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ደባርቅ ላይ ምዝገባው ሲካሄድ አሥር ደቂቃ የሚፈጅ ገለጻ ቢደረግ፣ በየካምፑ አንድ ወረቀት ቢለጠፍ፣ አስጎብኚው «ተመለሱ» ያለበት ጉዞ ሙሉ ክፍያው እንደማይቀነስ በውሉ ላይ ቢጻፍ ብዙ ነገር ይለወጣል። ራስ ደጀን ላይ ደውለው የሚጠሩት ፈጥኖ ደራሽ የለም። ፈጥኖ ደራሹ አጠገብ ያለው ጓደኛ፣ ስካውቱና በቅሎዋ ናቸው።

ተጓዦችም ከመነሳታቸው በፊት ሊስማሙባቸው የሚገቡ ነገሮች ጥቂት ናቸው። ርካሹን የአራት ቀን ጉዞ ትተው የስድስት ቀኑን ይግዙ፤ ካልቻሉ ራስ ደጀንን ለሌላ ዓመት ያቆዩትና ግጭንና ጨነቅን ይዩ፤ ጭላዳውም ዋልያውም እዚያው ነው። የመመለሻ ሰዓት ማታውኑ፣ ሁሉም ሆዱ ሞልቶ አእምሮው ሳይደክም ይቆረጥ፤ «የት እንደርሳለን» ሳይሆን «ስድስት ሰዓት ሲሆን የትም ብንሆን እንዞራለን» ተብሎ። ቀርፋፋው ፊት ይሁን፤ ቡድኑ በእሱ እርምጃ ይሂድ። የሚጾም ሰው ለዚያች ቀን ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ከንስሐ አባቱ ጋር ይነጋገር፤ ባዶ ሆድና የደረቀ ጉሮሮ ይዞ ዳገት መውጣት ሕመሙንም ይሸፍናል፣ ጉልበቱንም ይበላል። አንዲት የኮርቻ በቅሎ ለማንም ሳይሆን ለክፉ ቀን ትከራይ። ለከፍታ የሚታዘዘውን ዳያሞክስ የሚፈልግ ሐኪም ያማክር፤ መድኃኒቱ ግን የቀን ቅነሳ ፈቃድ አይደለም። ከሁሉም በላይ «አመመኝ» ያለ ሰው እንዳይሳቅበት ቀድሞ ቃል ይገባባ።

ዛሬ የሰሜን ተራሮች ፀጥ ብለዋል። ጦርነቱና ከዚያ በኋላ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት እንግዳውን አርቆታል። ያ ስካውት፣ ያ አስጎብኚ፣ ያቺን በቅሎ የሚነዳው ሰው ኑሯቸው የተንጠለጠለው በመንገደኛ ነው። ሰላም ሲወርድ ሰው ይመለሳል፤ ተናፍቆ ስለነበረም በብዛትና በጥድፊያ ይመለሳል። መንገዱን የተሻለ አድርጎ ለመጀመር ከዚያ የተሻለ ጊዜ አይገኝም።

እስከዚያው ግን በየሳምንቱ ቅዳሜ ሌላ ተራራ የሚወጣ ቡድን አለ፣ በየቡድኑም ወደ ኋላ የሚቀር አንድ ሰው አለ። ያንን ሰው ስታዩት አፋችሁ ላይ የምትመጣውን ቃል ለትንሽ ያዟት። መጀመሪያ ቦርሳውን ተቀበሉት። አስቀምጡት። ውሃ ስጡት። «ምን ይሰማሃል?» ብላችሁ ጠይቁትና መልሱን እስኪጨርስ ጠብቁት። አሥር እርምጃ አስኪዱት። ያያችሁት ነገር ካላማራችሁ ፊቱን ወደ ታች አዙሩት።

ከዚያ ክንዱን ይዛችሁ ቁልቁለቱን ስትወርዱ «አይዞህ፣ ትንሽ ናት የቀረችው» በሉት። የቃሉ ቦታ እዚያ ነው።